ብርሃን የምትበደረው ጨረቃ

ቻይናዎች ጨረቃ ላይ ጥንቸል ያያሉ። ጃፓኖችም ያችኑ ጥንቸል ያዩና ሩዝ ስትወቅጥ ነው ይላሉ። የደቡባዊ አፍሪካ ኮይኮዮች ተረት ደግሞ ጥንቸሏን መልእክተኛ ያደርጋታል። ጨረቃ፣ እሷ ሞታ እንደምትነሣ ሰዎችም ሞተው እንደሚነሡ ንገሪልኝ ብላ ትልካታለች፤ ጥንቸሏ ግን ቃሉን ገልብጣ ሞታችሁ ትቀራላችሁ ብላ ታወራለች። ጨረቃ በንዴት እንጨት አንሥታ መታቻት። የጥንቸል ከንፈር የተሰነጠቀው፣ ሰውም ሟች ሆኖ የቀረው ያኔ ነው።

ወደ ቆላ ድባ እንምጣ። ከተማዋ ከጎንደር ደቡብ ምዕራብ፣ የደምቢያ ሜዳ ወደ ጣና በሚወርድበት አገር ናት። እዚህ ልጆች በጠፍ ጨረቃ ከሚያዜሙት ባሻገር ትልቁን የጨረቃ ወግ የያዘው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ሙሉ ቃሉ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። አውሮፓ ጠፍቷል ብላ ተስፋ የቆረጠችበትን መጽሐፍ ተጓዡ ጀምስ ብሩስ ከጎንደር ይዞ የገባው በ1773 እ.ኤ.አ. ነበር።

በመጽሐፉ ሄኖክን የሰማዩን ሥርዓት የሚያሳየው መልአኩ ዑራኤል ነው። ጨረቃ በሠረገላ ትሄዳለች፤ ሠረገላዋን ነፋስ ይነዳዋል። ክበቧ ከፀሐይ እኩል ነው፤ ሞልታ እንኳ ብርሃኗ የፀሐይ ሰባተኛ እጅ ቢሆን ነው። ያንንም ባንዴ አታገኘውም። ከ14 እጅ አንድ አንዱን እየተቀበለች ትሞላለች፤ ከዚያ እንዳመጣጧ አንድ አንድ እጅ እየመለሰች ትጎድላለች። በየወሩ ለሃያ ሌሊት ሰው መስላ እንደምትታይም ይናገራል። ሌላው ጥንቸል ባየበት እኛ ሰው አየን ማለት ነው። እኔን ግን ከሰውየው ይልቅ የሚገርመኝ ክፍልፋዩ ነው፤ ተረት ውስጥ ሂሳብ ሲገባ ሁልጊዜ አያጋጥምም።

ሂሳቡ ደግሞ እዚያ አልቆመም። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ የፀሐይ 365። ልዩነቱ 11 ነው፤ የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያ የሆነውን ባሕረ ሐሳብ የሚማር ተማሪ ከዚህ ተነሥቶ አበቅቴን ያወጣል። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመን ትቶ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 በ30 ሲገደፍ የሚቀረው 12 አበቅቴ ይባላል። መጥቅዕ የሚባለው ሌላው ቁጥር ደግሞ 18 ነው፤ ሁለቱ ተደምረው 30 ካልመጡ ተማሪው ስቷል ማለት ነው። የነነዌ ጾም ከመጥቅዑ ትወጣለች፤ ፋሲካም ከነነዌ። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 መሆኑ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ፋሲካ ሳይደርስ ግን ስቅለት አለ። በዕለቱ ከተደረጉት ሰባት ተአምራት አንዱ የጨረቃ ደም መሆን ነው።

ደምቢያ ላይ ጨረቃን የሚጠብቀው ቄስና ቀማሪ ብቻ አልነበረም። ሙስሊሙ ረመዳንን ለመያዝ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ምዕራብ ያንጋጥጣል። ጀንዳን በመሳሰሉ መንደሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ደግሞ በየወሩ አዲስ ጨረቃ ስትወጣ በዓል ያደርጉ ነበር። ስግድንም በስምንተኛው የጨረቃ ወር 29ኛ ቀን፣ ጾመው ተራራ ላይ ወጥተው ያከብሩት ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት የማጓጓዝ ዘመቻዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ስግድ በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ በዋናነት የሚከበረውም በኢየሩሳሌም ነው።