የኢጣልያ ባለቡና ክሬማ በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

«ሙያ በልብ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ይሁን እንጂ ሙያ በልብ ብቻ ተሰውሮ የቀረ እንደ ሆነ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። እንዲሁም «ለምን እንዲህ ይሆናል?» ተብሎ ያልተመረመረ ሙያ አንድ ቀን ሲሰምር ሌላ ቀን ይከሽፋል። ወተትና እንቁላል ደግሞ ተበላሹ ተብለው እንደ ዋዛ የሚደፉ ርካሽ ነገሮች አይደሉም። ስለዚህ በሳይንስ ክፍል የምንማረው ትምህርት በማድ ቤትም እንደሚሠራ ለማሳየት፥ የኢጣልያ ሰዎች ከምግብ በኋላ የሚበሉትን ባለቡና ክሬማ አሠራር ከነምክንያቱ ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

ክሬማው ምንድን ነው?

ኢጣልያኖች «ክሬማ ፓስቲቸራ» የሚሉት ከወተት፥ ከእንቁላል አስኳል፥ ከስኳርና ከጥቂት ዱቄት ተበስሎ የሚሠራ ወፍራም ጣፋጭ ነው። ትርጓሜውም የኬክ ሠሪ ክሬማ እንደ ማለት ነው። ቡና ሲገባበት «አል ካፌ» የሚል ቃል ይጨመርበታል። በኬክ መካከል ይቀባል፤ በትንንሽ ክብ ኬኮች ውስጥ ይሞላል፤ ወይም በብርጭቆ ቀዝቅዞ በማንኪያ ይበላል።

ይህን ጣፋጭ ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ቡናው ነው። ዐረቢካ የሚባለው የቡና ዓይነት የተፈጥሮ መገኛው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው ደን መሆኑን የታወቀ ነው። ቡና በየመን በኩል ወደ ቱርክ፥ ከዚያም በባሕር ነጋዴዎች እጅ ወደ ቬኒስ ደረሰ። በቬኒስ ከተማ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ የሚገኘው «ፍሎሪያን» የተባለው ቡና ቤት የተከፈተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1720 ነው። በ1901 ሉዊጂ ቤዜራ የተባለ የሚላኖ ሰው በእንፋሎት ግፊት ቡና ለሚያፈላ መሣሪያ የፈጠራ መብት ጠየቀ። በ1933 ደግሞ በአልፎንሶ ቢያሌቲ ፋብሪካ «ሞካ» የተባለው ትንሽ የአሉሚኒየም ቡና ማፍያ ስለ ተሠራ፥ ቀድሞ በቡና ቤት ብቻ ይገኝ የነበረው ጠንካራ ቡና ወደ እያንዳንዱ ቤት ገባ። ባለቡናውን ክሬማ በቤት መሥራትም በዚሁ ምክንያት ቀለለ። ከአገራችን የወጣው ቡናም ቆይቶ «ማኪያቶ» የሚል የኢጣልያ ስም ይዞ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል።

ማድ ቤት የሳይንስ ቦታ መሆኑን ኢጣልያኖች ከተገነዘቡት ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ፔሌግሪኖ አርቱዚ የተባለ ሰው በ1891 በፊሬንዜ ከተማ «የማድ ቤት ሳይንስና መልካም አድርጎ የመብላት ጥበብ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። አርቱዚ ነጋዴ እንጂ ወጥ ሠሪ አልነበረም። መጽሐፉን የሚያሳትምለት ስላጣ በራሱ ገንዘብ አሳተመው፤ ኋላ ግን መጽሐፉ በብዙ የኢጣልያ ቤቶች ውስጥ የማይጠፋ ሆነ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለ6 ሰው የሚበቃው መጠን የሚከተለው ነው፦

ትኩስ ወተት፥ 400 ሚሊ ሊትር (2 የውሃ ብርጭቆ)፤
ጠንካራ ቡና፥ 100 ሚሊ ሊትር (ግማሽ ብርጭቆ)፤
የእንቁላል አስኳል፥ 4፤
ስኳር፥ 120 ግራም (10 ልክ የሾርባ ማንኪያ)፤
የፉርኖ ዱቄት፥ 45 ግራም (5 ልክ የሾርባ ማንኪያ)፤
ጨው፥ በሁለት ጣት የሚቆነጠር።

ቡናው በሞካ ቢፈላ መልካም ነው። ሞካ ሦስት ክፍል አለው፤ ከታች ውሃ፥ ከመካከል የተፈጨ ቡና ይደረጋል። ውሃው ሲግል በታችኛው ክፍል የታፈነው እንፋሎት ውሃውን ወደ ላይ እየገፋ በቡናው ውስጥ ያሳልፈዋል፤ የተጣራውም ቡና በላይኛው ክፍል ይጠራቀማል። ሞካ የሌለው ሰው ከጀበናው አቦሉን ወስዶ፥ አተላው እስኪረጋ ከጠበቀ በኋላ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ማጥለል ይችላል። በክሬማው ውስጥ የገባ አተላ በጥርስ ስለሚሰማ ጣዕሙን ያበላሻል።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ወተቱን ከጨው ጋር በድስት አድርጎ፥ በዳር በዳሩ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ማሞቅ ነው። ከዚያ ከእሳት አውጥቶ የተጣራውን ቡና መጨመር።

ሁለተኛ፥ አስኳሉን በጎድጓዳ ሳሕን አድርጎ ስኳሩን ጨምሮ ወዲያው መምታት ይገባል። ስኳር በአስኳል ላይ ሳይመታ ከቆየ እርጥበቱን ስለሚስበው፥ በኋላ የማይሟሙ ጠጣር ፍሬዎች ይፈጠራሉ። ቀለሙ ፈዘዝ ሲል ዱቄቱን በወንፊት ነፍቶ መጨመርና እንደገና መምታት ነው።

ሦስተኛ፥ ትኩሱን ባለቡና ወተት በእንቁላሉ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ማፍሰስ፤ በሚያፈሱበትም ጊዜ መምታቱን አለማቋረጥ። ይህ ከሥራው ሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ክፍል ነው።

አራተኛ፥ ሁሉንም ወደ ድስቱ መልሶ በመጠነኛ እሳት ላይ በእንጨት ማማሰያ ማማሰል። ማማሰያው የድስቱን መሐልና ጥግ ሁሉ መንካት አለበት። በፈርኔሎ የሚሠራ ሰው ፍሙን በአመድ ሸፈን በማድረግ እሳቱን ሊያበርደው ይችላል። ክሬማው ወፍሮ መንተክተክ ሲጀምር፥ ሳያቋርጡ ሁለት ደቂቃ ያኽል እያማሰሉ ማቆየትና ማውጣት ነው።

ምክንያቱ

ወተቱን ባንድ ጊዜ ብንገለብጠው ምን ይሆናል? የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን አለበት። የፕሮቲን ክሮች በተፈጥሯቸው እንደ ድውር የተጠቀለሉ ናቸው፤ ሙቀት ሲያገኛቸው ይፈቱና እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ብቻውን ያለ አስኳል በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም መወፈር ይጀምርና በ70 ዲግሪ ይረጋል። ስለዚህ ብዙ ትኩስ ወተት በድንገት የወረደበት እንቁላል ክሬማ መሆኑ ቀርቶ የእንቁላል ፍርፍር ይሆናል። በጥቂት በጥቂቱ ሲፈስበት ግን ክሮቹ በወተትና በስኳር መካከል ስለሚበታተኑ ለመያያዝ ከፍ ያለ ሙቀት ይሻሉ።

ዱቄቱም ጠባቂ ነው። በዱቄት ውስጥ ያለው ስታርች ሲሞቅ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፤ ያበጠውም ስታርች የፕሮቲኑን ክሮች እያራራቀ ተጨምድደው እንዳይቋጠሩ ያደርጋል። ዱቄት የሌለበት የእንቁላል ክሬማ ከ85 ዲግሪ ካለፈ የሚበላሸው፥ ይኼኛው ግን ተንተክትኮ የማይበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲያው ወፈር ሲል ወዲያው ለምን አናወጣውም? በአስኳል ውስጥ ስታርችን የሚያፈራርስ «አሚሌዝ» የሚባል ኤንዛይም አለ። ይህ ኤንዛይም በሚገባ ካልበሰለ፥ ማታ ወፍራም ሆኖ የተቀመጠው ክሬማ ጧት እንደ ቀጭን ሾርባ ሆኖ ይገኛል። ደግሞም በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ስለ ሆነ፥ በደጋ ያለን ሰዎች ሁለቱን ደቂቃ ማሳጠር አይገባንም።

ጥንቃቄና ማረሚያ

ክሬማው ቢጓጉል ገና ትኩስ ሳለ በወንፊት ማሳለፍ ይጠቅማል። ከሥሩ መያዝ ከጀመረ ግን ድስቱን ሳይፍቁ የላይኛውን ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ነው፤ የአረረው ክፍል ከተነካ ሽታው ለሁሉም ይተርፋል። ቡና ጥቂት አሲድ ስላለበት ያደረ ወተት ሊያስቋጥር ይችላል፤ ስለዚህ ወተቱ የዕለት ይሁን።

ከሁሉ የሚበልጠው የጤና ነገር ነው። ቲራሚሱ የተባለው ታዋቂ የኢጣልያ ባለቡና ጣፋጭ በተለመደው አሠራሩ ጥሬ አስኳል ይገባበታል። በእንቁላል ውስጥ ግን ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ ይህም ብርቱ ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል፤ በሕፃናት፥ በአረጋውያንና በነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ ይጠናል። ከዚህ በላይ የገለጽነው ክሬማ ግን ተፈልቶ የሚሠራ ስለ ሆነ ባክቴሪያው ይሞታል። ስለዚህ ቤተ ሰብ በአንድነት ለሚበላው ጣፋጭ የበሰለው ክሬማ ይመረጣል።

ከበሰለ በኋላም ቸል ሊባል አይገባም። ድስቱን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሞ እያማሰሉ ማብረድ፤ ስልባቦት እንዳይዝ በላዩ ጥቂት ስኳር መነስነስ፤ ከዚያ ከድኖ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ነው። እስከ ሁለት ቀን ይቆያል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ግን በተሠራ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተበልቶ ማለቅ አለበት።

ለትንንሽ ልጆች በቡና ፈንታ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ አፍልቶ ማግባት ይቻላል። ኢጣልያኖች የገብስ ቡና መጠጣት የለመዱ ናቸው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እውነተኛው ቡና ብርቅ ስለ ሆነባቸው ብዙዎች የኖሩት በእርሱ ነበር። ገብስ መቁላት ደግሞ ለእናቶቻችን አዲስ ሙያ አይደለም።

የተረፈው የ4 እንቁላል ነጭም አይደፋ፤ በሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ ለቁርስ ይሆናል። ክሬማው ወተትና እንቁላል ያለበት ስለ ሆነ በፍስክ ቀን፥ ከምሳ በኋላ በትንንሽ ብርጭቆ ከደረቅ ብስኩት ጋር ቢቀርብ ያምራል።

ወንዶች ተማሪዎችም «ይህ የሴቶች ሥራ ነው» ብለው ይህን ገጽ እንዳያልፉት አደራ እንላለን። ፕሮቲን እንዴት እንደሚረጋ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አይቶ መልስ መስጠት መልካም ነው፤ በገዛ እጁ አማስሎ እናቱን ከምሳ በኋላ በወንበር ያስቀመጠ ልጅ ግን ትምህርቱንም ምስጋናውንም ባንድ ላይ ያገኛል።