የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አበቃ፤ ኮምፒውተሮቻችንን ምን እናድርጋቸው?



እኛ ስደተኞች ዘንድ «ድጋፍ ተቋረጠ» የሚለው አባባል ጥሩ ስሜት አይሰጥም። ማይክሮሶፍት ኦክቶበር 14 ቀን 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.) የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ሲያቆምም አንዳንዱ ሰው «ኮምፒውተሮቹ አበቃላቸው» ብሎ ደነገጠ፤ ሌላው ደግሞ «ይኸው ይሠራ የለም እንዴ? ምንም አይሆንም» አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ኮምፒውተሩ አልሞተም፤ ነገር ግን እንደ ድሮው ለሁሉም ሥራ ልናምነው አንችልም። ስለዚህ የቱን ኮምፒውተር ለየትኛው ሥራ እንደምናውል መለየት አለብን።

ለመሆኑ ድጋፍ ማለት ምንድን ነው?

ዊንዶውስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ማለትም ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ፋይሉንና ሌሎች ፕሮግራሞችን ሁሉ የሚያስተዳድር ዋና ፕሮግራም። በጣም ትልቅ ስለሆነ ሌባ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አይጠፉበትም። ቀዳዳ ሲገኝ ማይክሮሶፍት መጣፊያ ሠርቶ በየወሩ ይልካል፤ አፕዴት የምንለው ይሄንኑ ነው። ድጋፍ አበቃ ማለት መጣፊያው ቀረ ማለት ነው። ወርድም ኤክሴልም እንደ ወትሮው ይከፈታሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ዊንዶውስ 10 እና ዊንዶውስ 11 ብዙ የሚጋሩት ነገር አላቸው። ለ11 መጣፊያ ሲወጣ ሌቦች መጣፊያውን መርምረው ቀዳዳው የት እንደነበረ ያውቃሉ፤ ከዚያም ያው ቀዳዳ በ10 ላይ እንዳለ መሆኑን ይሞክራሉ። ስለዚህ ጊዜ በሄደ ቁጥር አደጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ለምሳሌ በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራቸው ተስተጓጎለ። የሚገርመው መጣፊያው ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች ወር ወጥቶ ነበር። የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው።

«እኛ ጋ ኢንተርኔት የለም፤ ምን ያገኘናል?» የሚል ይኖራል። ፍላሽ አለ እኮ! አንድ ፍላሽ ከሳይበር ካፌ ወደ ኮምፒውተር ክፍል፣ ከዚያ ወደ መምህሩ ላፕቶፕ ይዞራል፤ ቫይረሱም አብሮ ይዞራል።

ጉዳዩ ለምን የእኛ ሆነ?

ካኩማም ሆነ ዳዳብ ወይም እዚህ ናይሮቢ፣ አንዱን ኮምፒውተር ብዙ ሰው ነው የሚጠቀምበት። ጠዋት አንዷ ተማሪ የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻዋን ትልክበታለች፤ ከሰዓት በኋላ ሌላው የዩኤንኤችሲአር ደብዳቤውን ስካን አድርጎ ያስቀምጥበታል። ኢሜይሉን የተሰረቀ ተማሪ የመልስ ደብዳቤው ሲመጣ አያየውም። ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ «ኮምፒውተሩ ቫይረስ ነበረበት» ቢል ማን ይሰማዋል?

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ የአማርኛ ፋይሎችን እናድን። ይሄ ከሁሉም ይቀድማል። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የድሮ የአማርኛ ፕሮግራሞች የተጻፉ ማስታወሻዎችና ፈተናዎች ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ። ምክንያቱም የድሮዎቹ ፎንቶች ዩኒኮድ አይደሉም፤ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ተክተው ነው የሚሠሩት። መፈተኛው ቀላል ነው። ከፋይሉ ኮፒ ላይ ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ቀይሩ። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ደህና ነው። ወደ እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ከተለወጠ ግን የድሮው ዓይነት ነው፤ ዋናውን ፋይል የድሮው ፎንት ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሳለ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ በጣም የሚፈለገውን ደግሞ በዩኒኮድ እንደገና ጻፉት። ሁሉንም በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ኮምፒውተሩ ፎርማት ከተደረገ በኋላ መጸጸት አይጠቅምም።

2. ኮምፒውተሮቹን መዝግቡ። ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ሲስተም፣ ቀጥሎ አባውት ስትሉ የፕሮሰሰሩን ስምና የራሙን መጠን ታገኛላችሁ። በኢንቴል ኮር ፕሮሰሰር ላይ አይ5 ወይም አይ7 ከሚለው በኋላ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። 7200 ካለ 7ኛ ጀነሬሽን፣ 8250 ካለ 8ኛ ጀነሬሽን ነው። ዊንዶውስ 11 በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍል ይፈልጋል።

3. በሦስት ክፈሏቸው።

የመጀመሪያው ምድብ ዊንዶውስ 11 የሚቀበሉት ናቸው። ዊንዶውስ 10ው ሕጋዊ ከሆነ ማሳደጉ በነፃ ነው። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ባንድል ከመጨረስ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በፍላሽ ለሁሉም ጫኑ። ኢሜይልና ማመልከቻ በእነዚህ ላይ ብቻ ይሁን።

ሁለተኛው ምድብ 11ን የማይቀበሉ፣ ግን ኢንተርኔት የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ለግል ኮምፒውተር ማይክሮሶፍት እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚደርስ ተጨማሪ የጥገና ጊዜ አስታውቋል፤ ሴቲንግስን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር በማያያዝ ያለ ክፍያ መመዝገብ ይቻላል። ለትምህርት ቤቶች ደግሞ በኮምፒውተር 1 ዶላር ለመጀመሪያው ዓመት፣ 2 ለሁለተኛው፣ 4 ለሦስተኛው የሚል ዋጋ አውጥቷል። ይሄ ጊዜ መግዣ ነው እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም። ዘላቂው ሊኑክስ ነው። ለምሳሌ ሊኑክስ ሚንት 22 ነፃ ሲሆን ጥገናው እስከ 2029 ይቀጥላል፤ 2 ጊጋባይት ራም ባለው ላይም ይነሣል፣ 4 ቢሆን ግን ይሻላል። ሳትጭኑት ከፍላሽ አስነሥታችሁ መሞከርም ትችላላችሁ። ሊብረኦፊስ አብሮት ይመጣል፤ ለአማርኛ መጻፊያም ኪይማን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራበታል። ጉድለቱንም እንናገር፦ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች እንዳሉ አይሠሩበትም፣ በወርድ የተሠራ ሰንጠረዥም አንዳንዴ ቦታውን ይስታል። ስለዚህ በአንድ ኮምፒውተር ጀምሩ፤ ከለመዳችሁት በኋላ ወደ ሌሎቹ እለፉ።

ሦስተኛው ምድብ ያረጁት ናቸው። እነሱን አትጣሏቸው። ከኢንተርኔት አውጥታችሁ ለታይፕ መለማመጃና ለንባብ አውሏቸው፤ ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። ፍላሻቸው ለብቻው ይሁን፣ በላያቸውም «ፓስወርድ አይጻፍበት» የሚል ወረቀት ለጥፉ።

ላፕቶፕ ለምትገዙ

ናይሮቢ መሃል ከተማ «ኤክስ ዩኬ» እየተባሉ የሚሸጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙ ናቸው። ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ለምሳሌ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 6ኛ ጀነሬሽን ነው፤ ጂ5 ግን በአብዛኛው 8ኛ ነው። «ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል» መባሉ ብቻ አይበቃም፤ መሥፈርቱን ዘሎ የሚጫንበት ዘዴ አለና። እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር ማይክሮሶፍት አፕዴት እንደሚያገኝ ዋስትና አይሰጥም። ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት አባውትን ከፍታችሁ ጀነሬሽኑን በዓይናችሁ እዩ።

በዚህ ሳምንት ሊጀመር የሚችለው ሥራ ምንም ወጪ የለውም፦ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ኮምፒውተሮቹን መመዝገብ፣ የአማርኛ ፋይሎቹንም መፈተን። ይሄን ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ስጧቸው፤ ጥሩ የተግባር ትምህርት ይሆናቸዋል።

መልካም የሥራ ጊዜ!