ማዕድ ቤትም የሥራ ቦታ ነው

ስለ ሥራ ደኅንነት ሲነሣ ቶሎ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ፋብሪካ ወይም በባሕር ዛፍ መወጣጫ የተከበበ ጅምር ሕንፃ ነው። ሠራተኛው ሄልሜት አድርጓል ወይ፣ ማሽኑ መከለያ አለው ወይ ብለን እንጠይቃለን። እሳት፣ የፈላ ውሃ፣ ጭስና መርዛማ ጋዝ በአንድ ጠባብ ክፍል የሚገናኙበትን፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች በየቀኑ ለሰዓታት የሚቆሙበትን ቦታ ግን የሥራ ቦታ ብሎ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ከ10 ቤተሰብ 9ኙ ገደማ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በጭራሮ ነው። ማዕድ ቤት ግን ተቆጣጣሪ አይገባበትም፣ የአደጋ መዝገብም የለውም። አንድ ነገር ሲደርስ የሚሰጠው ፍርድ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ሳትጠነቀቅ ቀርታ ነው።» ይህ ፍርድ የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው። ጥፋቱን በጉዳተኛዋ ላይ ስለሚጥል፣ ክፍሉን፣ ማገዶውንና ምድጃውን ማንም ዞር ብሎ እንዳያይ ያደርጋል።

የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች አደጋን የሚከላከሉበት የታወቀ ቅደም ተከተል አላቸው። መጀመሪያ የሚጠየቀው አደገኛውን ነገር ጨርሶ ማስወገድ ይቻል እንደሆነ ነው። ካልተቻለ ጉዳቱ በሚያንስ ነገር ይተካል፤ እሱም ካልሆነ በግንብ፣ በመከለያ ወይም በጭስ መውጫ ከሰው ይለያል። ሠራተኛውን ተጠንቀቅ ብሎ መምከርና መከላከያ ማልበስ የመጨረሻው ነው፤ ሰው ይደክማልና፣ ይቸኩላልና፣ ያንቀላፋልና። በማዕድ ቤት ግን ነገሩ ተገልብጦ የመጨረሻው መጀመሪያ፣ ብዙ ጊዜም ብቸኛው መፍትሔ ሆኗል። ልጅ አዝላ፣ አንድ ዓይኗን ወጡ ላይ ሌላውን ምጣዱ ላይ ያደረገች ሴት ለሰዓታት አንዴም ሳትዘናጋ እንድትሠራ እንጠብቃለን። ከየትኛውም የፋብሪካ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይጠበቅም።

ከሰልን እንውሰድ። እርጥብ እንጨት ሲጨስ ዓይን ያስለቅሳል፤ በርበሬ ሲታመስ ቤተሰቡ ሁሉ እያስነጠሰ ወደ ደጅ ይወጣል። በደንብ የተያያዘ ከሰል ግን አይጨስም፣ አይሸትም። «ጭሱ እስኪወጣለት ውጭ ይቆይ፣ ሲቀላ ይግባ» የሚለው በየቤቱ የሚሠራበት ልማድ የመጣውም ከዚህ ነው። ልማዱ የሚታየውንና የሚሸተውን ጭስ ያስወግዳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ከቀላው ፍም መውጣቱን አያቆምም። በደማችን ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ የሚይዘው ኦክስጅንን ከሚይዝበት ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ጥንካሬ ስለሆነ፣ በክፍሉ አየር ውስጥ ያለው መጠን አነስተኛ ቢሆን እንኳ በደም ውስጥ እየተጠራቀመ የኦክስጅኑን ቦታ ይወስዳል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይከተላሉ። ሰውየው ድካም ወይም ጉንፋን መስሎት ጋደም ይላል፤ መተኛቱ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ያቆየዋል። «ተጠንቀቁ» የሚለው ምክር ትርጉም የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሊጠነቀቅ የሚገባው አእምሮ ጋዙ ቀድሞ ከሚያደክማቸው አካላት አንዱ ነውና።

አደጋው የሚበረታበት ጊዜም ይታወቃል። የክረምት ብርድ በርና መስኮት ሲያዘጋ፣ አራስ ቤት ሲሞቅ፣ ያልደረቀ ልብስ ፍም ላይ ሲሰጣ፣ መብራት ጠፍቶ እራት በከሰል ሲሠራ፣ ከቡና በኋላ የተረፈው ፍም «ቤቱን ያሙቅ» ተብሎ ሲተው። የጥበቃ ሠራተኛው በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ማደሪያው ማንደጃ አስገብቶ በር የሚዘጋውም በዚያው ብርድ ነው። በከሰል ታፍነዋል የተባሉ ሰዎች ሲገኙ መጀመሪያ ራስን ሳይጎዱ በርና መስኮት ከፍቶ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። እዚያም ቤቱ ውስጥ ከሰል እንደነበረ በግልጽ መናገር ይገባል። በጣት ላይ የሚደረገው የተለመደው የኦክስጅን መለኪያ ጋዙ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ታማሚው በጠና ተመርዞም ቁጥሩ ጤነኛ ሊያስመስለው ይችላል። በተራ አየር በደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስድበታል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል።

ከሰል በአንድ ሌሊት ይገድላል፤ የእንጨትና የኩበት ጭስ ግን በዓመታት ነው የሚሠራው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች መሞታቸውን ይገምታል። ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበው ሳልና ሳምባ ነው፤ ግምቱ ግን 32 በመቶውን ለልብ ሕመም፣ 23 በመቶውን ለስትሮክ ይሰጣል። ደቃቁ የጭስ ብናኝ በሳምባ በኩል አልፎ የደም ሥሮችን ስለሚጎዳ ነው። ድርጅቱ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ የሚመክረው ይህ ብናኝ፣ መውጫ በሌለው ማዕድ ቤት እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ከሺህ ሊያልፍ ይችላል። እንጀራ የሚጋግሩ አነስተኛ ድርጅቶችን ደግሞ አስቡ፤ በቤት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የሚሆነው እዚያ ከንጋት ጀምሮ በየዕለቱ ነው።

«እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን በጭስ ጋግረው ሰማንያ ዓመት ኖረዋል» የሚል መልስ ይሰማል። እውነት ነው፣ ኖረዋል። በሕይወት ያሉትን ቆጥሮ ያለፉትን መተው ግን ሚዛን የሳተ ቆጠራ ነው። በስልሳ ዓመቷ በልብ ሕመም የሞተች ሴት የቀብር ሥርዓት ላይ «ጭስ ገደላት» የሚል የለም። ሲጋራ እያጨሰ ዘጠና የሞላው ሽማግሌም በየሰፈሩ አለ፤ እሱን አይቶ ሲጋራ አይጎዳም የሚል ግን እየጠፋ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከጥናት የሚመጣው ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ጤናም አያሻሽልም የሚል ካለ፣ ለጊዜው የሚጠቅሰው ማስረጃ አያጣም። በጓቲማላ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ሕፃናቱ የሚተነፍሱትን ጭስ በግማሽ ገደማ ቢቀንስም የሳምባ ምችን በአጠቃላይ በአስተማማኝ ሁኔታ አለመቀነሱን አሳይቷል፤ የቀነሰ የመሰለው ከባዱ ዓይነት ነው። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን የተከታተለ ሌላ ጥናት በተሻሻለ ምድጃ ምንም ልዩነት አላገኘም። በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ ደግሞ ለቤተሰቦች የማብሰያ ጋዝ ተሰጥቶ፣ ብናኙ በእጅጉ ቢቀንስም የሕፃናት ከባድ የሳምባ ምች አልቀነሰም። ይህን መሸሸግ አይገባም፤ ምድጃ መቀየር ብቻውን የሕፃናትን ሳምባ ይታደጋል ብሎ ቃል የሚገባ ሁሉ ከማስረጃው በላይ እየተናገረ ነው። የሳምባ ምች ክትባት፣ ምግብ፣ የጎረቤት ጭስና የመኖሪያ ጥበት ሁሉ የሚገቡበት በሽታ ነው። ሆኖም ጥናቶቹ በዋናነት የለኩት በጥቂት ወራትና ዓመታት ሕፃናት ላይ የሚታየውን እንጂ ሴቲቱ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በልቧ ላይ የሚደርስባትን አይደለም። እንደኛው ሚርት ምድጃ ያለው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ገደማ የሚቆጥብና እሳቱን የሚከልል መሣሪያም ማገዶ ለቀማውንና ቃጠሎውን ይቀንሳል። እኔ ከጥናቶቹ የምወስደው ጭስን በግማሽ መቀነስ በቂ አለመሆኑን ነው፤ ማገዶውን ከቤት እስከ ማስወጣት ድረስ መሄድ ያሻል።

ማስወጣት ሲባል በከተማ ዋናው መንገድ መብራት ነው። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ መስመሩ ያልደረሰው ቤት ግን ብዙ ነው፣ የደረሰውም ቤት መብራት ይጠፋበታል፣ ታሪፉም ጨምሯል። «የኤሌክትሪክ ምጣድስ አደጋ የለውም ወይ?» የሚል ጥያቄም ተገቢ ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር የተሠራ ቀጭን ማከፋፈያ ላይ ሲሰካ ገመዱ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ቤት ያቃጥላል። የማብሰያ ጋዝም ቢሆን ከአየር ስለሚከብድ ሲያመልጥ ወለል ላይ ይተኛል። ነገር ግን የእነዚህ አደጋ ከከሰሉ በአንድ ነገር ይለያል፤ በአንድ ቀን ሥራ ይታሰራል። ወፍራም ገመድ፣ ለብቻው የሆነ ማቋረጫና የመሬት ገመድ በባለሙያ አንዴ ከተዘረጋ፣ ጋጋሪዋ ብትደክምም ብታንቀላፋም ሥራውን ይሠራል። የከሰል አደጋ ግን በየምሽቱ እንደገና መጠንቀቅን ይጠይቃል።

«ድሃ ምን ያድርግ?» የሚለው ክርክር ሙሉ በሙሉ የሚመለስ አይደለም። ለአንዲት የቀን ሠራተኛ ምጣዱም ሽቦውም ከአቅም በላይ ነው፤ ይህ የመንግሥትና የአከራይ ድርሻ ነው። ገንዘብ የማይጠይቀው እርምጃ ግን ትንሽ አይደለም፤ ማንደጃን ሰው ከሚተኛበት ክፍል ጨርሶ ማራቅ፣ በበጋ ምድጃውን ከደጅ ዳስ ሥር ማውጣት፣ ባቄላና ሽንብራ ከማታ መዘፍዘፍና ማገዶ ማድረቅ። መስኮት መክፈት ጥሩ ነው፣ ግን ለሚተኛ ሰው ዋስትና አይሆንም፤ በብርድ ሌሊት ተከፍቶ የሚያድር መስኮት የለም።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ደኅንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ጋር ደምሮታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ በድርጅት የተቀጠረ የጥበቃ ሠራተኛ ማደሪያው ውስጥ በከሰል ቢታፈን አሠሪው «ሳይጠነቀቅ ቀርቶ ነው» ብሎ የሚያመልጥበት ምክንያት የለም። በሰው ቤት የተቀጠረችው የቤት ሠራተኛ ግን ከዚህ ጥበቃ ውጭ ናት፤ አዋጁ የግል አገልግሎት ቅጥርን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይተወዋል። ብዙውን ጊዜ ማዕድ ቤት ውስጥ ወይም አጠገቡ የምትተኛው እሷ ናት፤ የማገዶውንና የምጣዱን ወጪ የሚወስነው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ለእሷ በሚጻፍ ማንኛውም ደንብ ውስጥ ከደመወዝና ከዕረፍት ቀን ጋር ሊገቡ የሚገባቸው ሁለት አጫጭር ድንጋጌዎች አሉ፤ የቤት ሠራተኛ እሳት በሚነድበትና ከሰል በሚቀመጥበት ክፍል አትተኛም፣ ማዕድ ቤቱም ወደ ውጭ የሚወጣ የጭስ መውጫ ይኖረዋል። ተቆጣጣሪ በአንድ ጉብኝት ሊያረጋግጣቸው የሚችላቸው ነገሮች ናቸው።