የሽምብራ ዓሣ እንዲለሰልስ

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሽሮና ምስር ሲፈራረቁ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር ያምረዋል። የሽምብራ ዓሣ የተፈጠረው ለዚህ ጊዜ ነው። የሽምብራ ዱቄት በዘይትና በውሃ ይለወሳል፤ ሊጡ በዓሣ መልክ ተቆርጦ ይጠበሳል፤ ከዚያም ቀይ ቁሌት ውስጥ ገብቶ ይንተከተካል። እንቁላል፣ ወተትም ሆነ ቅቤ አይነካውም። በሁዳዴ ዓሣ ወደ ማዕዳቸው የማያቀርቡ ቤቶች ብዙ ናቸውና ቅርጹ ለልጆችም ለአዋቂዎችም ደስታ ነው።

እኔ በምኖርበት በሲ.ኤም.ሲ ጾመኛው ብዙ ነው። የሽምብራ ዓሣ የሚሠራበት ቤት ግን እየቀነሰ ይመስለኛል። ጎረቤቶቼን ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ይደርቃል»። እውነት ነው፣ ሳይሆንለት የቀረ የሽምብራ ዓሣ ጥርስ ያስቸግራል። በደንብ የተሠራው ግን ቢላ ሳያስፈልገው በእንጀራ ጫፍ ብቻ ይቆረሳል፤ ውስጡ ድረስ ወጥ ጠጥቶ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዱቄቱና ውሃው ላይ ነው።

ከዱቄቱ እንጀምር። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ሽምብራ በማምረት ቀዳሚ ናት። ክረምቱ ሲያባራ ዋልካው አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት ይዘራል፤ አዝመራው ጥርና የካቲት ላይ ስለሚሰበሰብ አዲሱ ሽምብራ ገበያ የሚደርሰው ሁዳዴ ሲቃረብ ነው። በሰሜን ሸዋ የምንጃር ሰው ሽምብራን በደንብ ያውቃል፤ ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት ዝርያዎች አንዱም በዚያው በምንጃር ከተማ ስም አረርቲ ይባላል። ለዓሣው የሚሆነው ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው ተለይቶ በደንብ የደቀቀ ዱቄት ነው። ሲታመስ የጥሬው ጠረን ይጠፋል፤ ካረረ ግን ምሬቱ ወጡን ሁሉ ይወርሳል። ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ አብሮ ቢፈጭ ጥሩ ነው።

የስንዴ ሊጥ ሲታሽ ተለጥጦ አየር የሚይዘው ግሉተን ስላለው ነው። ሽምብራ ግሉተን የለውም። ስለዚህ የሽምብራን ሊጥ አብዝቶ ማሸት ምንም አይጨምርለትም፣ ቤኪንግ ፓውደርም ቢገባበት እንደ ዳቦ አይነፋውም። የሚያለሰልሰው ዘይቱና ውሃው ነው። ለ2 ብርጭቆ ዱቄት 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አስቀድሞ በእጅ ይታሻል፤ ዘይቱ ዱቄቱን ሸፍኖ ሊጡ እንደ ጭቃ እንዳይጠጥር ያደርጋል። ደቆ የተከተፈ ሽንኩርት ሲገባ ደግሞ በሚጠበስበት ጊዜ እርጥበቱ በእንፋሎት እየወጣ ውስጡን ክፍት ክፍት ያደርገዋል።

ውሃው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰስተው። ሊጡ ለመዳመጥ እንዲመች ብሎ ያደርቀዋል። አንዲት የሰፈራችን እናት ለልጃቸው «አትፍሪ ልጄ፣ ዱቄቱ ይጠጣዋል» ሲሏት ሰምቻለሁ፤ ልክ ናቸው። የሽምብራ ዱቄት ውሃ የሚመጠው ቀስ እያለ ነው፤ አሁን እጅ ላይ የተጣበቀው ሊጥ ግማሽ ሰዓት ተሸፍኖ ቢያርፍ ይጠነክራል። ከዚያ በጣት ውፍረት ተዳምጦ ይቆረጣል፤ በቢላ ጫፍ ቅርፊት የሚመስሉ ጭረቶች ይደረጉበታል። ጭረቱ ለማማር ብቻ አይደለም፤ ወጡ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ዘይቱ ከመጠን በላይ ከጋለ ላዩ ይደርቅና ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

በሕንድ የራጃስታን ሰዎች ጋቴ የሚሉት ምግብ የዚህ ዘመድ ነው። የሽምብራ ዱቄታቸውን በዘይትና በእርጎ ለውሰው፣ አድበልብለው፣ በውሃ ቀቅለው ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል። እኛ በጾም እርጎ ስለማንነካ ልስላሴውን ከዘይትና ከዕረፍት ማግኘት አለብን።

የመጨረሻው ጉዳይ መንተክተኩ ነው፤ እዚህ ከፍታችን ይገባበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንጦጦ አናት ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ 90 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ቆላ ላይ የሚበቃው ጊዜ እኛ ዘንድ አይበቃም። ቁሌቱ ዓሣው ሲገባበት ቀጠን ማለት አለበት፤ ሊጡ መረቁን እየጠጣ ያወፍረዋልና። ድስቱ ተከድኖ በትንሽ እሳት 20 ደቂቃ ይቆይ፤ እንዳይሰበር በማንኪያ አይማሰል፣ ድስቱ ተይዞ ይወዝወዝ። መከለሻው የሚነሰነሰው ሊወጣ ሲል ነው። ሲቀርብ ለአንድ ሰው አንድ ሙሉ ዓሣ እንጀራው መሐል ይደረግና መረቁ በላዩ ይፈስሳል።