ዓይንን ያተረፈ ሕክምና ዕድሜ ልክ ክትትል ይሻል

ዓይን ውስጥ የሚነሳው ሜላኖማ የተባለው ካንሰር ለረጅም ዘመን ሕክምናው አንድ ብቻ ነበር፤ ዓይኑን ማውጣት። በ1930 (እ.ኤ.አ.) ፎስተር ሙር የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ራዶን የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በዕጢው ውስጥ አስገብተው ዓይኑን ለማትረፍ ያደረጉትን ሙከራ ይፋ አደረጉ። ያን ጊዜ የተነሳው ጥያቄ እስከ ዛሬ ከሐኪሞች አፍ አልጠፋም፦ ዓይኑ ሲተርፍ ካንሰሩም አብሮ ቢተርፍስ?

መልሱን ፍለጋ በአሜሪካና በካናዳ ትልቅ ጥናት ተካሄደ። መካከለኛ መጠን ያለው ዕጢ የተገኘባቸው 1,317 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ የአንደኛው ወገን ዓይን ወጣ፣ ሁለተኛው በአዮዲን-125 ጨረር ታከመ። በ2001 የወጣው ውጤት ብዙዎችን አሳረፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን በሕይወት ያሉት ከመቶ 80 በጥቂቱ የሚበልጡ ነበሩ። ዓይንን ማትረፍ ዕድሜን አላሳጠረም። ይሁንና በጨረር ከታከሙት ውስጥ ከመቶ 10 ያህሉ ላይ ሕክምናው ዕጢውን መግታት አልቻለም፤ ከመቶ 12 የሚበልጡት ደግሞ በእነዚያው አምስት ዓመታት ዓይናቸውን በኋላ አጥተዋል።

ዕጢው ለምን ያገረሻል? ጨረሩን የያዘችው፣ ብዙ ጊዜ ከወርቅ የምትሠራ የሳንቲም ስፋት ያላት ሽፋን፣ በዓይኑ ነጭ ክፍል ላይ ተሰፍታ ለጥቂት ቀናት ትቆያለች። ጥቂት ከተንሸራተተች ወይም ዕጢው ለዓይን ነርቭ ቀርቦ እንደልብ ማስቀመጥ ካልተቻለ፣ ጠርዙ በቂ ጨረር ሳያገኝ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ የሚያገረሸውም ከዚሁ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ብዙ ማዕከላት ሽፋኗ በቦታዋ መሆኗን ቀዶ ሕክምናው ሳያልቅ በአልትራሳውንድ ያረጋግጣሉ። በ1975 ቦስተን ላይ የተጀመረው የፕሮቶን ጨረርም ልምድ ባካበቱ ማዕከላት ዝቅተኛ የማገርሸት መጠን አስመዝግቧል። አንዳንድ ዕጢ ግን ጨረሩ በትክክል ቢያርፍበትም ተመልሶ ያድጋል።

ሐኪሞችን ለዓመታት ያከራከረው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዕጢው ያገረሸባቸው ሕሙማን ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል፣ በተለይም ወደ ጉበት፣ የመዛመት ዕድሉ ከፍ ይልባቸዋል። ካንሰሩን የሚዘራው ያገረሸው ዕጢ ራሱ ነው? ወይስ ማገርሸቱ ዕጢው ከመነሻው ክፉ እንደነበር የሚናገር ምልክት ነው? ሁለቱም ሐሳብ ደጋፊ አለው። ለሕመምተኛው ግን የሁለቱም ትርጉም አንድ ነው፤ ዓይኑ ዳግም ይታከማል፣ ጉበቱም ይበልጥ በንቃት ይታያል።

ታዋቂው የነርቭ ሐኪምና ደራሲ ኦሊቨር ሳክስ ይህን መንገድ ሄደውበታል። በ2005 መጨረሻ ሜላኖማ ተገኘባቸው፤ በጨረርና በሌዘር ታከሙ፤ በመጨረሻም የዚያን ዓይን ብርሃን አጡ። በ2015 መጀመሪያ ካንሰሩ ጉበታቸው ላይ መገኘቱን ለሕዝብ ጻፉ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ አረፉ። ከሕክምናው እስከ ጉበት የፈጀው ዘጠኝ ዓመት ነበር። «ብዙ ዓመት አልፎኛል» ብሎ መዘናጋት የሚያስከትለውን አደጋ ታሪካቸው በግልጽ ያሳያል።

ከጨረር በኋላ ዕጢው ወዲያው አይጠፋም፤ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይሟሽሻል፤ ጠባሳውም ዓይን ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ «አሁንም አለ» መባሉ ብቻውን ሊያስደነግጥ አይገባም። የሚያሰጋው የጠርዙ መስፋት ወይም የከፍታው መጨመር ነው። ይህን ሕመምተኛው ራሱ ላያውቀው ይችላል፤ ዕይታ በጨረሩ ጉዳትም ስለሚደክም ምልክት አይሆነውም። የሚለየው የዛሬው ፎቶግራፍና የአልትራሳውንድ ልኬት ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ዳግም ጨረር ወይም ሌዘር ይቻላል፤ ከዘገየ ግን የሚቀረው ዓይኑን ማውጣት ይሆናል።

ይህ ካንሰር በጥቁር ሕዝቦች ላይ እጅግ ብርቅ ነው። በውጭ አገር የሚኖርና የታከመ ወገን ካለ ግን አደራችን ይህ ነው፦ አገርም ሆነ ሐኪም ስትቀይሩ የመጀመሪያውን ፎቶግራፍና ልኬት ይዛችሁ ሂዱ። ዓይኑ ደህና ቢመስልም ቀጠሮ አትሰርዙ፤ የጉበት ምርመራውንም አትተዉ። ሐኪሞችም ዓይን እናተርፋለን ብለው ቃል ሲገቡ፣ ክትትሉን የዚያው ቃል አካል አድርገው ከመጀመሪያው ቀን ሊያስረዱ ይገባል።