ጀበናው ታክስ ይከፈልበታል፤ መላኪያውስ?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤቷ ሆና በራሷ ድረ ገጽ የምትሸጥ አንዲት ሐበሻ ነጋዴ እናስብ። ጀበናዋን በ40 ዶላር ትሸጣለች፤ ለፖስታ መላኪያ 10 ዶላር ትጠይቃለች። የግዛቱ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው። ታክሱ የሚሰላው ግን ከ40ው ነው ወይስ ከ50ው?

ይህን የሚወስነው የደረሰኙ አጻጻፍ ነው። መላኪያው ለብቻው በአንድ መስመር ከሰፈረ ሜሪላንድ ታክስ አይጥልበትም፤ ገዢው 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይከፍላል። የማሸጊያና የማዘጋጃ ሒሳብ ከመላኪያው ጋር በአንድ ቁጥር ከተደመረ ግን 10 ዶላሩ በሙሉ ታክስ ውስጥ ይገባል፤ ክፍያው 3 ዶላር ይሆናል። «መላኪያ በነጻ» ብላ የጀበናውን ዋጋ 50 ብታደርገውም ያው 3 ዶላር ነው፤ መላኪያው የዕቃው ዋጋ ሆኗልና። የሜሪላንድ ጎረቤት ቨርጂኒያም ለብቻው የተጻፈን መላኪያ ነጻ ያደርጋል፣ ማዘጋጃውን ግን አይምርም።

ልዩነቱ 60 ሳንቲም ነው። ሺህ ጀበና ለሸጠ ሰው 600 ዶላር ይሆናል። ከገዢው ሳይሰበሰብ የቀረውን ታክስ ደግሞ ኦዲተር ሲመጣ የሚከፍለው ሻጩ ነው፤ በትርፍ የሰበሰበውንም ኪሱ ማስቀረት አይችልም።

አሜሪካ አገር አቀፍ የሽያጭ ታክስ የላትም። 45 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሕግ ያወጣሉ። በቴክሳስና በኒው ዮርክ መላኪያው የዕቃውን ዕጣ ይከተላል፦ ዕቃው ታክስ ካለበት መላኪያውም አለበት። ኒው ዮርክ የቡና ፍሬን እንደ ምግብ ቆጥሮ ነጻ ስለሚያደርግ የቡናው መላኪያም ነጻ ነው። ቡናና ጀበና በአንድ ካርቶን፣ በአንድ የመላኪያ ሒሳብ ሲላኩ ግን መላኪያው በሙሉ ታክስ ይከፈልበታል። ሐበሻ ደንበኛ ደግሞ ሁለቱን አብሮ ማዘዙ አይቀርም። ስለዚህ የመላኪያውን ሒሳብ በአግባቡ ለሁለቱ ከፋፍሎ ደረሰኙ ላይ ማስፈር ይጠቅማል።

ካሊፎርኒያ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል፦ ፖስታ ቤቱ በእርግጥ ስንት አስከፈለ? ሻጩ 10 ዶላር ከፍሎ ታክስ ካለበት ዕቃ ጋር 15 ዶላር ካስከፈለ፣ 5ቱ ዶላር ታክስ አለበት።

የሌላ ግዛት ሕግ የሩቅ ሻጭንም ሊመለከት ይችላል፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018፣ በሳውዝ ዳኮታ ግዛትና በዌይፌር ኩባንያ ክርክር በሰጠው ውሳኔ፣ ግዛቶች በአካል የሌለባቸውንም ሻጭ ታክስ እንዲሰበስብ እንዲያስገድዱ ፈቅዷል። ይሁን እንጂ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ከሩቅ ሻጭ ይህን የሚጠይቁት በግዛቱ ውስጥ የሚሸጠው ከ500,000 ዶላር ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ነጋዴ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የራሱን ግዛት ሕግ ነው። በኤትሲ ወይም በአማዞን በኩል ለሚሸጥ ዕቃ ደግሞ ታክሱን አስልተው ለግዛቱ የሚያስገቡት ራሳቸው መድረኮቹ ናቸው።