የፊኛ ነቀርሳና የሕሙማን ጥያቄ

በቦረና ደጋ፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት አጥቢያዎች፣ ሽንቱ ደም ቀላቅሎ የወረደበት ሰው ብርድ መትቶኝ ይሆናል ወይም ጠጠር ይዞኝ ይሆናል ብሎ፣ ደሙም በማግስቱ ሲጠራ ምሕረት ወረደልኝ ብሎ ወደ እርሻው ቢመለስ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያለ አንዳች ሕመም መጥቶ በራሱ የሚጠፋ ደም የሽንት ፊኛ ነቀርሳ፣ በዛሬው አጠራር የፊኛ ካንሰር፣ ዋነኛ ምልክት በመሆኑ፣ የሽንቱ መጥራት የደዌውን መጥፋት አያስረዳምና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ምንጩ የወንዝ ውሃ ነውን ብለው የሚጠይቁ አሉ። ከውሃ የሚይዘውና ፊኛን የሚጎዳው የቢልሃርዝያ ዓይነት በአገራችን የሚታወቀው እንደ አዋሽ ሸለቆና እንደ ሱዳን ጠረፍ ባሉ ቆላ ስፍራዎች ሲሆን፣ የደጋው ቢልሃርዝያ አንጀትንና ጉበትን ነው የሚያጠቃው፤ በዓለም ሁሉ ከታወቁት መንሥኤዎች ቀዳሚው ግን ትምባሆ ነው።

«ሆዴ ይቀደዳልን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሚወስነው ደዌው በፊኛው ግድግዳ ምን ያህል ጠልቆ እንደ ገባ ነው። ጡንቻው ላይ ካልደረሰ፣ ሐኪሙ በሽንት መውጫው በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ፣ ቆዳ ሳይሰነጥቅ፣ እባጩን ቆርጦ ያወጣዋል። ከዚያም እንዳይመለስ፣ ሐኪሙ እንደሚያስፈልግ ካየ፣ ለሕፃናት ስለ ቲቢ በክንዳቸው የሚሰጠው ቢሲጂ በፊኛው ውስጥ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ6 ሳምንታት ይጨመራል፤ ይህም በ1976 እ.ኤ.አ. አልቫሮ ሞራሌስ የተባሉ ሐኪም በካናዳ ያስታወቁት ጥበብ ነው። ሕሙሙ መድኃኒቱን 2 ሰዓት ያህል ይዞ ይቆያል፤ ሽንቱ ቢያቃጥለውና ቢያመላልሰው አይደንግጥ፤ ትኩሳትና ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት ከያዘው ግን መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ አይዘግይ።

«ጾሜስ?» ይላሉ። ከቀዶው በኋላ ደሙ ረግቶ ሽንቱን እንዳይዘጋ፣ ሐኪሙ ካልከለከለው በቀር ውሃ በብዛት መጠጣት ግድ ነውና ክርስቲያኑ ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከር፤ ለሙስሊሙም ቁርኣን የታመመ ሰው የረመዳንን ጾም በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዶለታል።

ደዌው ጡንቻውን ዘልቆ ሲገኝ፣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ኬሞቴራፒ ተሰጥቶ ፊኛው በሙሉ ይወጣል፤ ከትንሹ አንጀት በተቆረጠ ቁራጭም ለሽንቱ አዲስ መንገድ ተበጅቶ በሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል። እዚህ ላይ ሕሙማን አፍረው የሚተዉት ጥያቄ አለ፤ እርሱም የሩካቤ ነገር ነው። ወንዱ ኃይሉ ሊደክምበት፣ ልጅ መውለድም ሊቀርበት ይችላልና፣ ባልና ሚስት ከቀዶው በፊት አብረው ሐኪሙን ቢጠይቁ፣ ኋላ በዝምታ ከመቆሳሰል ይድናሉ። ከረጢቱ ከጸሎት የሚያግድ የሚመስላቸውም አሉ፤ ነገር ግን ሽንቱ ያለ ፈቃዱ ለሚወርድበት ሙስሊም ሊቃውንቱ በየሶላቱ ወቅት ዉዱእ አድሶ እንዲሰግድ ይፈቅዱለታል።

«ድነሃል ካላችሁኝ ስለ ምን ትመልሱኛላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ እኔ ከሁሉ አብልጬ እፈራዋለሁ። ይህ ደዌ ተመላላሽ ነውና ከመጀመሪያው ቀዶ በኋላ በ3 ወር ፊኛው እንደ ገና በመሣሪያ ይታያል፤ ከዚያም ለዓመታት ክትትል ይከተላል። ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ፣ አንዳንዴም እስከ አዲስ አበባ ለሚወርድ ገበሬ ስንቁና የመኪናው ኪራይ ቀላል ሸክም አይደለም፤ ስለዚህ ዘመድና ጎረቤት ለሕሙም የሚያዋጣውን ገንዘብ ሁሉ በመጀመሪያው ጉዞ ከመጨረስ ለ3ኛው ወር ቀጠሮ ከፍሎ ቢያስቀምጥለት፣ ሕሙሙም ከሆስፒታሉ ሳይወጣ ቀኑን በወረቀት አጽፎ ቢይዝ መልካም ነው።